ጉራ በእኛ ቤት

ይድረስ ለአባባ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልዎት ወይስ አሁንም ምድር ቤት ነው የሚተኙት? የዓይን ጠብታውንስ በሰዓቱ ያደርጋሉ? እኔ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው፤ ደህና አይደለሁም። አንጀቴ እያረረ ነው የምጽፍልዎት፤ የተናደድሁትም በእርስዎ ነው። ስለዚህ መነጽርዎን አድርገው፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ቅድ ክፍል እንደምሠራ ያውቃሉ። አንድ አስቸጋሪ የክረምት ኮት ነበረን፤ የለበሰው ሁሉ እጁን ሲያነሳ ኮቱም አብሮት ይነሳል። ብብቱን ከፍ፣ እጅጌውን ሰፋ አድርጌ ቅዱን እንደ አዲስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገዢዎቹ ወደዱት። ሥራ አስኪያጁ እኔንና ጠረጴዛ የምንጋራውን ባልደረባዬን፣ ሳቂታው የምንለውን፣ አስጠርቶ ይህ ቅድ የማን እንደሆነ ጠየቀን። ለክፍሉ ኃላፊ እየፈለገ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ምን አልሁ? እርስዎ ቤት አይደል ያደግሁት! እሱ እጁ የተባረከ ነው፣ እንደሱ መቀስ የሚይዝ የለም አልሁና ተራውን ጠበቅሁ። እኛ ቤት እንዲህ ነበራ! እኔ የወንድሜን የፈተና ውጤት እናገራለሁ፣ እሱ ደግሞ የእኔን ጥልፍ ያወድሳል፤ የራሱን የተናገረ ግን ጉረኛ ተብሎ ከገበታ ይነሳል። ሳቂታው ዝም ሲል የረሳ መስሎኝ፣ ወንድሜን እንደማደርገው፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ነካ አደረግሁት። ይቅርታ ብሎ እግሩን ሰበሰበ! ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ብብቱን እንዴት እንዳሰበው ያስረዳ ጀመር። ዛሬ ኃላፊዬ ነው። እኔን ቁልፍ ከሚተክሉት ጋር አስቀምጦኛል።

ንዴቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ያንን ቃል ፈለግሁት። ዕድሜዬን ሙሉ አፌ የተለጎመው በዚህ ቃል ነዋ! ያገኘሁት መዝገበ ቃላት ጉራን በሌለው መመካት፣ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ይለዋል። ያልሠሩትን! የሠሩትን አላለም፣ አባባ። ከየት እንደመጣም ምንም አይናገርም። እርስዎ ግን አብረው የነበሩ ይመስል ነበር የሚያወሩልን። ጉራ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ፣ ከጓደኛው ጋር አንድ ጠረጴዛና አንድ መቀስ ይጋሩ ነበር፤ ጌታቸው ካባው የማን ሥራ ነው ሲል ጉራ እኔ፣ እኔ አለ፣ ጓደኛው ግን የራሱን ትቶ ጉራን አመሰገነ፤ ጌታውም ትሑቱን ሾሞ ጉራን አባረረው፣ ቃሉም ከዚያ ቀረ። ወንድሜ ይህን ማን ነገረዎት ሲልዎት ግን ይቆጡ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ባለፈው እሑድ የደረሰብኝን ሁሉ ለአክስቴ አጫወትኋት። እግሩን ሰበሰበ ስላት በሳቅ ሞተች፤ ተረቱ ጋ ስደርስ ግን ሳቋ ጠፋ። ዕድሜ ልክዎን አለቃ እያሉ በሱቁ ልብስ የሰፉለት ሰውዬ ከእርስዎ ጋር በአንድ ቀን መቀጠሩን፣ ያኔ ለሁለታችሁ የተሰጣችሁ መቀስም አንድ እንደነበር ነገረችኝ። የቀረውን አባትሽን ጠይቂ ብላ ወሬ ቀየረች።

አልጠይቅም። ግን የተሾመው እኔ ባዩ ከሆነ፣ እንደሆነው አድርገው ቢነግሩን ምን ነበረበት? እኔ እኮ ያንን ተረት አምኜ ነው ሥራ አስኪያጁ ፊት የቆምሁት! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉን ነበር። እውነት ነው፣ ዝንብ አልገባብኝም።

ለፋብሪካው ኃላፊዎች አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ ሰኞ ይሰሙኛል። ጨርቅና ጠመኔ ይዤ እገባለሁ፤ ብብቱን እዚያው ፊታቸው አወጣዋለሁ፣ ሳቂታውም ከቻለ ያውጣ። የእጄን ነገር አልፈራም። የምፈራው አፌን ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ እኔ ነኝ የሠራሁት የሚለው ላይ ስደርስ፣ የሰረቅሁ እኔ ይመስል፣ ከመስታወቱ ዘወር እላለሁ። ይህንን ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ፤ አልዋሽዎትም፣ በዚህ በጣም አዝኜብዎታለሁ።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት መልስ ይጻፉልኝ። አይዞሽ እንዳይሉኝ። ስለ እኔም ስለ ወንድሜም አንድ ቃል እንዳይጽፉ። ልጅ ሳለሁ በአለቃ ሱቅ መስኮት ተሰቅሎ፣ እጄን ይዘው እያቆሙ የአለቃን ጥበብ እዪ ይሉኝ ስለነበረው ሰማያዊ ኮት ይጻፉልኝ። እኔ ብለው ይጀምሩ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ይጠብቅልኝ፣ አፋችንን ይፍታልን።

አኩርፋም የምትወድዎ ልጅዎ