ነጭ ቁልፍ፣ ጥቁር ቁልፍ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የሙሽራዋን ቬሎ ጎኑን ፈትቼ እንደገና አጠበብኩ... ለሦስተኛ ጊዜ! ልጅቷ ለሠርጌ ልክሳ ብላ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። እንዲህ ከቀጠለች ቬሎው ያለሷ ሊዳር ነው።

አዲሱ የስፌት መኪናዬ ግን ቅቤ! ወር ሊሞላው ነው፤ አንዴ እንኳ ክር አልበጠሰብኝም። ድምፁ ራሱ አይሰማም። ጋሼ ነው የገዛልኝ። "ጉልበትሽ እስኪነቀል ፔዳል ስትረግጪ ቆሜ አላይም" ብሎ። ታላቅ ወንድሜ... ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አብረን ነን።

እትዬ ዛሬ አራት ጊዜ ቁርስ በሉ።

እትዬ ማለት ድመቴ ናቸው። (ለማን እንደማስረዳ እንጃ። ደብተሩን ከኔ በቀር የሚያነበው የለ።) ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ገና አንድ ጭብጥ ሆነው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ቀስ እያሉ በሩን አልፈው ሲገቡ ጋሼ ብድግ ብሎ "እትዬ፣ ይግቡ" አላቸው። ቀልዱ በዚያው ቀረ። አሁን ጋሼ ራሱ ያኮርፋል። "እኔን ታላቅሽን አንተ፣ ድመቷን እርስዎ!"

"አይጥ የያዝክ ቀን እርስዎ እልሃለሁ" አልኩት።

ወደ ቁርሱ ልመለስ። አንድ ሰዓት ላይ እኔ ሰጠኋቸው። በልተው፣ አፋቸውን ጠራርገው፣ ባዶ ሳህን ፊት ቁጭ ብለው ጮኹ። ረሳሁ እንዴ ብዬ ደገምኩ። ጋሼ ነቅቶ፣ እኔ የረሳሁ መስሎት፣ ሦስተኛውን። ከዚያ በአጥሩ ሾልከው ጎረቤት ሄዱ። ጎረቤቴ "ምነው፣ እትዬን አታበሏቸውም?" ብላ ወቀሰችኝ።

በልተው ይረሳሉ ማለት ነው? እኔም ከምሳ በኋላ ብረሳ ደስ ይለኝ ነበር።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልሳቅኩም።

እትዬ ማዕዘን ውስጥ አፍንጫቸውን ሰክተው ቆመዋል። ዝም ብለው። መዞር አቅቷቸው። ጋሼ አያቸውና "የኋላ ማርሹ ጠፍቶባቸዋል" አለ። ከዚያ ከኋላቸው ቆሞ በሁለት እጁ እየጠራ "ይምጡ... ይምጡ... ቀጥ ብለው ይምጡ... አሁን ወደ ግራ ይቁረጡ! ይቁረጡ! በቃ!"

ወጡ! እውነቴን ነው፣ ወጡ። በሳቅ ፈረስን።

ከሳቅን በኋላ ጋሼ አንስቶ አቀፋቸው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጉድ ፈላ። እትዬ የአሸዋ ሳጥናቸውን ትተው የመምህሩ ሙሉ ልብስ ጨርቅ ላይ... ያውም ግራጫው፣ ያውም ተቆርጦ ያለቀው። መምህሩ ማለት ያ በራፌን ጎንበስ ብሎ የሚገባው ረጅሙ ደንበኛዬ ነው። ሱሪው ብቻውን የሁለት ሰው ጨርቅ ይበላል።

ደወልኩለት። ከመዋሸት እውነቱ ይሻላል ብዬ።

"መምህር፣ በጣም ይቅርታ... እትዬ ጨርቅዎ ላይ ሸኑበት። አጥቤዋለሁ፣ ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ይዘገያል።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይዞዎት እህቴ። እርጅና ነው። የኔም እናት መጨረሻ ላይ እንደዚያ ሆነው ነበር። ለመሆኑ ሐኪም አይቷቸዋል?"

አፌን በእጄ ያዝኩ። ማስረዳት ነበረብኝ! አፌን ልከፍት ስል "ልብሱ ይቆየኝ። ብርቱካን ይዤ መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ" አለና ዘጋው።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የሳቀው። እኔም። ግን ስለ ሐኪሙ ያለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ለጋ ነው፤ ነጭ ጋውኑ ጠጉር በጠጉር ሆኗል። ደስ አለኝ... ጠጉር የሌለበትን አላምነውም ነበር።

ዓይናቸውን አየ፣ ጥርሳቸውን አየ፣ መሬት ለቀቃቸው። እትዬ ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው።

"አእምሮዋ ነው ያረጀው" አለ። "እንደ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ዕቃ አታንቀሳቅሱባት። መንገዷን የምታውቀው በለመደችው ነገር ነው። በጠረን፣ በድምፅ።"

"ምንም አላንቀሳቀስኩም" አልኩ። ኮርቼ።

"እንግዲያው ለአንድ ወር ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን ይያዙልኝ። መጥፎው ከበለጠ... እንነጋገራለን።"

"ስለ ምን?"

እስክሪብቶውን አየ። ገባኝ።

ስንመለስ ጋሼ ቅርጫቱን አቅፎ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ቀጥ እያለ "የሚወርድ አለ?" ይላል። ሊያስቀኝ ነው። ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ተሳካለት።

ማታ አንድ ጣሳ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አደረግኩ። ጥሩ ቀን ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ፣ መጥፎ ቀን ጥቁር። ቁልፍ እንደሁ ሞልቶኛል። የዛሬው ነጭ። ሐኪሙን ስለነከሱት።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

ጥቁር።

በደህናው ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። መቀስ፣ ጠመኔ፣ መነጽሬ... ሁሉንም በእጃቸው ገፋ፣ ገፋ፣ ከዚያ ዷ! ደግሞ ዓይን ዓይኔን እያዩ። ስንቱን መነጽር ጨረሱብኝ!

ዛሬ መነጽሬን ሆን ብዬ ጠርዝ ላይ አደረግኩላቸው። አለፉት። እንዳልነበረ።

"ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይላሉ" አለ ጋሼ። "የኛዋ አመላቸውንም ረሱት።"

ሳቅኩ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጥቁር። ትናንትም ጥቁር።

እጄን ስዘረጋላቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እንደማያውቁኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ጭኔ ላይ ተኝተው! ዛሬ እርስዎ ማለት አቃተኝ። "አንቺ... እኔ ነኝኮ" አልኳት። ቆማ አየችኝ። አንጀቴን በላችው።


እሁድ፣ የካቲት 16

ነጭ! ነጭ! ቬሎው ጭራ ላይ ተጠቅልለው ተኝተው አገኘኋቸው። ሙሽራዋ ልትለካ መጥታ "አትቀስቅሷቸው" ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠበቀች። በቆመችበት እርቧት ሁለት ዳቦ በላች። እናቷ ብትሰማ እትዬን ትስማቸዋለች።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ጥቁር። ያ ግድግዳ...

በየቀኑ ከቁርስ በኋላ (ከስንተኛው ቁርስ?) ሥራ ክፍሌ ውስጥ የኋለኛው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለው ይጮኻሉ። ሁሌ እዚያው ቦታ። ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ከማዕዘኑ አንድ ሜትር ከአሥር። ለምን ለካሁ? እንጃ። የሙያ በሽታ።

ግድግዳው ባዶ ነው። ምስማር እንኳ የለበትም። ጋሼ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። እትዬም እያዩት ዝም አሉ። ሁለቱም መልስ የሚጠብቁ ይመስላሉ።


ሰኞ፣ የካቲት 24

ጣሳውን ደፋሁት። ዘጠኝ ጥቁር፣ ስድስት ነጭ። ከስድስቱ አንዱን ደግሞ አዳልቼ ነው የጨመርኩት።

ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "እህቴ... ምናልባት በመርፌ እንሸኛቸው ይሆን?"

"ዝም በል!"

ሳህኑን ይዞ ወጥቶ ምሳውን ደጅ በላ። እሱ ምን አጠፋ? እኔም እንደሱ እያሰብኩ ነው። አልፈልግም። ፈርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የቬሎ ዳር ቀመቀምኩ፤ ሦስቴ ጣቴን ወጋሁ።


ረቡዕ፣ የካቲት 26

ዛሬ ጽሕፈቴ ከመስመር ወጥቷል። ከሳቅ። ከሌላም ነገር።

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ቬሎው ለቅዳሜ ነው። አዲሱ መኪና ድርቅ ብሎ ቀረ። ጋሼ "ቆይ" አለና ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌውን ባለ ፔዳሉን እየጎተተ አመጣልኝ። አቧራውን ጠረግኩ፣ ዘይት አጠጣሁት፣ ረገጥኩ።

ተከተከተከተክ...

እትዬ ከወጥ ቤት መጡ። ቀጥ ብለው! በር አልገጩም፣ ማዕዘን አልሳቱ፣ ጭራቸው ሰማይ። ከመኪናው ሥር ገቡና አገጫቸውን እግሬ ላይ አሳረፉ። እንደ ድሮው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግሬ ከፍ ዝቅ ሲል ጭንቅላታቸው አብሮ ከፍ ዝቅ።

እግሬን ማቆም ፈራሁ።

ከዚያ ቀልቤን ያዝ አድርጌ "ጋሼ፣ መኪናው ዕቃ ቤት ውስጥ የት ነበር?" አልኩት።

"ግድግዳውን አስጠግቼው።"

"የትኛውን?"

"ከሥራ ክፍልሽ ጋር የሚያዋስነውን።"

ሜትሬን ይዤ ሮጥኩ። የመኪናው እግር ምልክት አቧራው ላይ አለ። ከማዕዘኑ አንድ ሜትር ከአሥር። ያን ሁሉ ቀን ግድግዳው ሥር የሚጮኹት መኪናውን እየጠሩ ነበር! በምን አወቁ? ዘይቱ ሸቷቸው? ሲወሰድ አይተው? እንጃ።

እኔ ደግሞ ሐኪሙን "ምንም አላንቀሳቀስኩም" አልኩት! ምን ላድርግ፣ ለኔ ዕቃ ማለት አልጋ ነው፣ ወንበር ነው። መኪና እጄ ነው። እጅን ማን ዕቃ ይለዋል?

ጋሼ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለጉልበትሽ ብዬ..."

አቀፍኩት። ስቄም አልቅሼም ሸሚዙን አበላሸሁበት። ነጭ ቁልፍ... ሁለት ልጨምር አሰኝቶኝ ነበር።


አርብ፣ የካቲት 28

መብራት መጣ። ቬሎው አለቀ። እኔ በአዲሱ እሰፋለሁ፣ አሮጌውን ደግሞ ማን ይርገጠው? ጉልበቴ እንደሁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይታጠፍም።

ጋሼ! ጡረታ ከወጣ ወዲህ እግሩ ፔዳል ነክቶ አያውቅ። ከቁርስ በኋላ ኮፍያውን አድርጎ ይቀመጥና ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ይረግጣል። እትዬ እግሩ ላይ።

በዚህ መሀል መምህሩ ገባ። ጎንበስ ብሎ። ብርቱካን በፌስታል ይዞ!

"እትዬ እንዴት ሆኑ? የት ነው የተኙት?"

ጋሼ እግሩን ሳያቆም "ያውልዎ፣ እግሬ ሥር" አለው።

መምህሩ አየ። እኔን አየ። ደግሞ እትዬን። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ... ሰውዬው መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ብርቱካኑን አስቀምጦ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ "ግን እርስዎ ምን እየሰፉ ነው?" አለው።

"ምንም። እትዬን ወደ ቤታቸው እያደረስኳቸው ነው" አለ ጋሼ።

ማንም አልሳቀም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጥቁር። ሳልዋሽ ልጻፈው። አልዳኑም፣ አይድኑምም። ዛሬ ሦስት ቁርስ፣ አንድ ማዕዘን፣ ደግሞ የጋሼ ጫማ ውስጥ... እሱም ካጠለቀው በኋላ ነው ያወቀው።

መኪናው ሲጮህ ግን ይመጣሉ። ከየትም ቢሆን።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ወሩ ሞላ። ዛሬ ከሰዓት ለሐኪሙ መደወል አለብኝ። ጠዋት ጣሳውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጌ፣ ልቆጥር መነጽሬን እየፈለግኩ... ነጩ የበዛ ይመስለኛል፤ ይመስለኛል እንጃ። አንድ ቁልፍ ቢበልጥስ? በአንድ ቁልፍ?

እትዬ ወንበሩ ላይ ወጡ። ከወንበሩ ጠረጴዛው ላይ። ጣሳው አጠገብ ቆሙ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እጃቸውን አነሱ።

"እትዬ... ተዉ" አልኩ። በሹክሹክታ። አይተዉ ብዬ እየጸለይኩ።

ገፋ። ገፋ። ዷ!

ቁልፍ እንደ በረዶ ተበተነ። ከአልጋ ሥር፣ ከመኪናው ሥር፣ ከበሩ ውጭ።

"ምንድን ነው?" አለ ጋሼ ከወጥ ቤት።

"እትዬ ጣሳ ጣሉ!"

"ሳያዩት ነው?"

"ዓይን ዓይኔን እያዩ!"

አንድ እግሩን በጫማ፣ አንዱን በባዶ ሮጦ መጣ። እትዬ የተንከባለሉትን ቁልፎች ከላይ ሆነው ይመለከታሉ፤ ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው። ሁለት ሽማግሌዎች መሬት ላይ በጉልበታችን እየዳኽን፣ እየሳቅን፣ "መንኩሰው መንኩሰው..." እያለ ጋሼ መጨረስ አቅቶት። ጉልበቴ አመመኝ መሰለኝ። ግድም አልሰጠኝ።

ከሰዓት ደወልኩ። "እህ፣ ስንት ጥሩ ስንት መጥፎ?" አለ ሐኪሙ።

"ዶክተር፣ ተከሳሿ ማስረጃውን አጥፍተዋል።"

ነገርኩት። ስለ መኪናው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሳው። እሱም ሳቀ። ከዚያ "አሁን አልቸኩልም። እርስዎም አይቸኩሉ። መብላት ያቆሙ ቀን ይደውሉልኝ" አለ። እሱም "ያቆሙ" ሲል ሰማሁት።

መብላት? እትዬ? አራተኛውን ቁርስ ይዤላቸው ስሄድ ነበር ያናገርኩት።

ያ ቀን ይመጣል፤ አውቃለሁ። ቁልፎቹን ለቅሜ ከሌሎቹ ጋር ሣጥን ውስጥ ቀላቀልኳቸው። ከእንግዲህ አልቆጥርም። የመምህሩ ሙሉ ልብስ ሦስት ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ከዚያው አወጣሁለት።

ባዶውን ጣሳ ጠርዙ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ለነገ።