ሁሉም አልሞቱም

ውድ ወንድሜ ያደሳ፣

ይህን የምልክበት አድራሻ የለኝም። ከሰው ጋር ስከራከር ሰንብቼ ደክሞኛል፤ ካንተ ጋር መከራከር ግን ድሮም ያሳርፈኝ ነበር።

ወደ የመን የተሳፈርክባት ጀልባ መስጠሟን የሰማነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ፈቀደ መጥተው ተቀመጡ ብንላቸው እንቢ አሉ። «የተሳፈሩት ሁሉ አልቀዋል ነው የሚባለው። ያደሳም ተሳፍሮ ነበር» አሉ። የቀረውን እማዬ በጩኸቷ ሞላችው።

እኔ የመጣብኝ ያንተ ድምፅ ነው። የምታስተምርበት ኮሌጅ ተዘግቶ ሥራ ከማጣትህ በፊት፣ እኔ ሳህን ሳጥብ የነገውን የሎጂክ ትምህርትህን እኔ ላይ ትለማመድ ነበር። «ሌሊሴ፣ ሁለት መነሻ፣ አንድ ድምዳሜ። ቅርጹ ትክክል ከሆነ፣ መነሻዎቹም እውነት ከሆኑ፣ ማምለጫ የለሽም። ድምዳሜው ካስጠላሽ መነሻዎቹን መርምሪ። 'ሁሉ' የሚለውን ለማፍረስ አንድ ሰው ይበቃል።»

እና ያንን አንድ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ድንኳን ሊተክሉ የመጡትን በር ላይ ቆሜ ከለከልኩ። «ጋሼ፣ ሁሉም ማለቃቸውን ማን አየ?» አልኳቸው ጋሽ ፈቀደን።

«ልጄ፣ የመጣውን መቀበል ነው እንጂ።»

«ምን እንደመጣ መች አወቅን?»

ጎረቤቱ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ አለኝ። ይበሉ። ስጠያይቅ ሰንብቼ አስኮ ሰፈር ውስጥ ጤናዬ የምትባል እናት አገኘሁ። ልጇ ደሜ እዚያው ጀልባ ላይ ነበር፤ ጅቡቲ ሆስፒታል ተኝቶ ደውሎላታል። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ብድግ አድርጋኝ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ያደሳን አውቀዋለሁ» አለኝ ደሜ። «አጠገቤ ነበር። ጀልባዋ ስትገለበጥ ጄሪካን ይዞ አይቼዋለሁ። ከዚያ ማዕበሉ ለያየን።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም እህቴ። ውሸት አልነግርሽም።»

አየህ፣ ልጁ አንዱን መነሻ አፍርሶ ሌላውን አጸናብኝ። ሁሉም አልሞቱም። አንተ ግን በእርግጥ ተሳፍረህ ነበር። ከዚህ መሞትህም መኖርህም አይወጣም። ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እያገላበጥኩ አየሁት፤ አልወጣ አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ከመሬት ቀና ብላ «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«የተረፉ አሉ» አልኳት።

ጥቁሩን ነጠላ ከላይዋ ጣለችው። «ልጄ አለ በይኛ!» እያለች እጄን ሳመችኝ። ከአንዳንዶች መትረፍ ያንተ መትረፍ እንደማይከተል እንዴት ብዬ ልንገራት? አንተ የተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ ታሰምርበት ነበር። እኔ ግን እንዳመነች ተውኳት። እሷ እየዞረች ለጎረቤት አወራች፤ ጋሽ ፈቀደ ግን እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

ነገ ከጤናዬ ጋር ወደ ጅቡቲ እንሳፈራለን። ከሆስፒታሎቹ እጀምራለሁ። እዚያ ካጣሁህ የምገባበትን ሌላ ቦታ ስሙን መጻፍ አልችልም፤ ግን ወንድሜ፣ እገባለሁ። ሳላይህ አልመለስም።

እማዬ ይዤህ የምመጣ መስሏታል። ወፍራሙን ሹራብህን አጥባ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። «እማዬ፣ እዚያ እኮ ሐሩር ነው» አልኳት።

«ይሁን፣ ያዢለት» አለችኝ። «ከውኃ የወጣ ሰው ይበርደዋል።»

የምትፈልግህ እህትህ
ሌሊሴ
ከቀራንዮ