በአንተ አፍ የተናገርኳቸው ፊልሞች

ይበልጣልዬ፣ የቤቴ ሰው፤

እንደምን ሰነበትክ ልል ብዕሩን አነሳሁና እጄ ቆመ። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ሞጣ ላይ እንደ አቅሜ አውጥቼ፣ በሳምንቱ ብርቄ ወለደች ሲሉኝ አራስ ልጠይቅ ብዬ ቢቸና መጣሁ። ሁለት ሳምንት ልቆይ ነበር የመጣሁት። መንገዱ ተዘጋ። ይኸው አራት ወር ሊሞላኝ ነው።

ያለነው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ እኔ፣ ልጃችንና ሕፃኗ። ባሏ ለሥራ ሄዶ ከመንገዱ ወዲያ ቀርቷል። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ብቅ እላለሁ፤ ሾፌሮቹ ገና ሳልጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል። ባለፈው ሲሠራ ወንድምህ ቪዲዮ ቤታችንን የእህል መጋዘን ሊያደርገው እንዳሰበ ነገረኝ። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

ያ ቤት ይታወስሃል መቼም። ባለቆርቆሮው፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ የሰቀልንበት። ሴት አይገባበትም ነበር። ከወጥ ቤቴ ጋር የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከሰዓት ለሕዝቡ የምታሳየውን ፊልም ጠዋት ሲዲው ይሠራ እንደሆነ ልትሞክር ቤት ውስጥ ትከፍተዋለህ፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ አያለሁ። እያየሁም እለፈልፋለሁ። ስለ ሕንዶቹ ዘፈን፣ ስለ ጥንቶቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች፣ ስለ አዲሶቹ የአማርኛ ፊልሞች። አንድ ቀን፣ «ይቺ ሠራተኛ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ የት ነው የምትሄደው? ካሜራው አንድ ቀን እንኳ አይከተላትም» አልኩህ። ሳቅህ መጣ። ከሰዓት ግን ፊልሙን መሐል ላይ አቁመህ፣ በዚያ የቅኔ ተማሪ ድምፅህ ይህንኑ ለሕዝቡ ስትናገር በግድግዳው ሰማሁ። ወንዶቹ አጨበጨቡልህ። እኔ እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት አንተ። አንድ ጊዜ «የኔን ቃል እኮ ነው የተናገርከው» ብልህ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለህ ቀለድክ። አብሬህ ሳቅሁ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ስልክ ላይ የፊልም ትችት መጻፍ ስትጀምርም እንደዚያው ቀጠልን። ስምህ ቢቸና ድረስ ደረሰ።

ስሙ የደረሳቸው ወጣቶች ናቸው እንግዲህ እኔን ፈልገው ብርቄ ደጅ የመጡት። ያንን ከእስር የተፈታውን ሰው ፊልም፣ ድምፅ የሌለውን፣ ሊያሳዩ ነው። ስለ እሱ የጻፍከውን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ሰውየው ከስንት ዓመት በኋላ ቤቱ ደርሶ፣ በሩ ወለል ብሎ ሳለ ደፉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በመጨረሻ ዞሮ ይሄዳል። ሄድኩላቸው። መብራትም አልከዳንም። ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቼ አነበብኩ። «በሩ ተከፍቶለታል፤ ግባ ያለው ሰው ግን የለም» የሚለው ጋ ስደርስ ሁሉም «እህ!» አሉ። ቃሉ የኔ ነው ይበልጣል። ሽንኩርት ስልጥ ያልኩህ።

አንዲት ልጅ ተነስታ፣ «እማማ፣ እሳቸው ሰውየው ዞሮ መሄዱን ፈሪነት ነው ብለው ጽፈዋል። እርስዎስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፈሪነት ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ አንድም ቀን አላመንኩበትም። «አይደለም ልጄ። እስር ቤት እኮ በስሙ የሚጠራው ሰው ነበር፤ ቤቱ ግን ማንም አልጠራውም» አልኳት። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ «የባለቤትዎን ትምህርት በሚገባ ይዘውታል» አሉኝ።

እንዴት እንደጨነቀኝ ልነግርህ አልችልም። ዝም ብል እዚያው ወጥ ቤቴ ልመለስ ነው። ብናገር የሙት ስም ላነሳ ነው፣ አንተ መልስ በማትሰጥበት። ከዚያ አፌ በራሱ ተከፈተ። «የበሩን ነገር ያልኩት እኔ ነኝ። ፈሪ ነው ያለው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ዝም አሰኝቶ ማዳመጥ ያስለመደ ግን እሱ ነው፤ እኔ ያንን አልችልም ነበር» አልኩ። ተቀመጥኩ።

ብርቄ ሰምታ ተቆጣች። «አባቴን ሞቶም አላሳረፍሽው» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለት ቀን። በአንዲት ክፍል ሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም! መውጫ የለኝ፣ መሄጃ የለኝ። ሕፃኗን ስታቀብለኝ እንኳ አታየኝም። በሦስተኛው ቀን እያጠባች፣ ቀና ሳትል፣ «እውነት ከሆነ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ማን ይሰማኝ ነበር ልላት ነበር። እሱም እውነት ነው። ያወጣሁት ግን ሌላ ሆነ፦ «ሲያወራ መስማት ደስ ይለኝ ነበር።» ብርቄ አለቀሰች። እኔም።

ማታውን ስልኳ ላይ የነበረ አንድ የአማርኛ ፊልም ከፈተችልኝ። ጥሩ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቪላ ውስጥ ይጮኻል። አንተ ብትኖር «ልጆች ናቸው፣ ያድጋሉ» ብለህ ትሟገትላቸው ነበር። እኔ አላዝንላቸውም። ብርቄ መሐል ላይ አቆመችውና፣ «እሺ እማዬ፣ ምን ትያለሽ?» አለች።

መንገዱ አሁንም ዝግ ነው። ወጣቶቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡ ብለውኛል፤ እሄዳለሁ። መቃብርህ ላይ አበባ ማኖር ባልችልም እዚያ አነሳሃለሁ። ያንተን ይበልጣል ያለው ነው እላለሁ፣ የኔን እኔ ያልኩት ነው እላለሁ። አልከፋህም አይደል? የኔና ያንተ ቃል ሲለይ ነው ድምፅህ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስም ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር አይደባለቅብኝም።

ጥሩወርቅ፣ ከቢቸና