ወንበሬን የት ላድርጋት

ጁን 19
ሙቀቱ ጉድ ነው። ገንዳው ውስጥ ዛሬ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ዳክዬ… ዳክዬዋም የላስቲክ ናት። ፊሽካዬን አንዴ ነፋሁ፣ ያውም ይሠራ እንደሆነ ለማየት። አገሬ ባታ ከተማ፣ ውቅያኖስ ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው፣ እዚህ ኤክስትሬማዱራ የሚሉት አውራጃ ደረቅ ሜዳ መሀል የመንደር መዋኛ ጠባቂ ሆኜ ቁጭ! ብቻዬን ሳቅኩ።

ሥራ ተገኘ። ቤት ተገኘ። ቋንቋውም ስፓኒሽ ነው፣ አገሬም የምናወራው እሱኑ ነው። ሰውስ? ሰው የለም። አክስቴ ኦቦኖ ማድሪድ አጠገብ ሞስቶሌስ ትኖራለች፣ «ምን ልትሆኚ እዚያ በረሃ? እኔ ጋ ነይ፣ ሆቴል ሥራ አለ» እያለች ትደውላለች። ተስማማን። ገንዳው በኦገስት መጨረሻ ይዘጋል። እስከዚያ አንድ ጓደኛ ካላገኘሁ ሻንጣዬን ይዤ እሷ ጋ። ካገኘሁ ግን እዚሁ እቀራለሁ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሰው ይፈልጋል ብለውኛል።

አንድ ጓደኛ ብቻ። ያን ያህል ከባድ ነው?

ጁን 21
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ በሙሉ ወንበር ይሆናል። ቤት ውስጥ እቶን ነውና ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ ይወጣል። ከኔ በር ከፍ ብሎ አንድ ክብ፣ ዝቅ ብሎ ሌላ ክብ። እኔ መሀል፣ መስኮት ላይ። ሲስቁ ይሰማኛል። ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ ፀጉሬን አበጠርኩ፣ ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ።

አልጠሩኝም።

ጁን 24
ዛሬ ደግሞ ሰማያዊውን ለበስኩ። ምንም።

ጁን 27
ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ ሮሲዮ ትባላለች፣ እኩያዬ ትመስለኛለች። ዳቦውን እየጠቀለለች አየችኝ።

«የመዋኛዋ ልጅ አይደለሽ? ምነው እንዲህ ኮራሽብን?»

«እኔ?»

«እናቴ ስታማሽ ነው የምታመሸው። በየቀኑ ዘንጣ መስኮት ላይ ትሰየማለች፣ ቁልቁል ታየናለች፣ አትወርድም ትላለች።»

«ማን ጠርቶኝ ልውረድ?»

ዳቦውን አስቀመጠችና አፈጠጠችብኝ። «መንገድ ላይ ለመቀመጥ ጥሪ ያስፈልጋል እንዴ? ወንበር የለሽም?»

ወንበር! እኛ ሰፈር እንግዳ ይጠራል። «ነይ ግቢ» ሳይባል ማን ደፍሮ ይቀመጣል? እዚህ ደግሞ ወንበሩን ይዞ ያልመጣ ሰው ንቆናል ማለት ነው። እኔ ጨዋ ሆኜ ስጠብቅ፣ ለካ እነሱ በኩራቴ ሲበግኑ ነበር። የሁለት ቀሚስ ልፋት ከንቱ ቀረ።

ጁን 28
የወጥ ቤቷን ወንበር ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ግን ተገተርኩ። ወደ ላይ ልሂድ ወደ ታች? ማንን አውቄ? አፈርኩና እዚያው በሬ ላይ አስቀምጫት ተቀመጥኩ። ወሬው ከላይም ከታችም ቀጥ አለ። ወደ ላይ ዞሬ «እንደምን አመሻችሁ» ስል ታችኞቹ አጉረመረሙ። ወደ ታች ስዞር ላይኞቹ አሽሟጠጡ።

አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

ጁን 29
ሮሲዮ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የላይኛው ክብ የእትዬ ላሊ ነው። የታችኛው የእትዬ ቪሲ፣ የሮሲዮ እናት። የላሊ ባል ጋሼ ኢሲድሮ ደግሞ የቪሲ ወንድም ነው። እና ሁለቱ ሴቶች ከተኳረፉ ስንት ዘመናቸው። በምን? በአሳማ ታፋ!

በብርዱ ወራት ቤተሰቡ ተሰብስቦ አሳማ ያርዳል፣ ታፋውን ጨው ውስጥ ቀብሮ ያቆየዋል። አንድ ዓመት ታፋው ሸተተ። ላሊ «ጨው የቆጠበችው ቪሲ ናት» አለች። ቪሲ ደግሞ «ላሊ የወር አበባዋ ላይ ሆና ነክታው ነው» አለች። እዚህ እንዲያ ከሆነ ሥጋው ይበላሻል ብለው ያምናሉ።

«ላሊ እኮ ያኔ ስልሳን አልፋ ነበር» አለች ሮሲዮ። «ሐሜቱ ውስጥ ውስጡን ደስ ሳይላት አልቀረም።»

ከዚያ ወዲህ ላይኛው ላይ፣ ታችኛው ታች። መሀል የተቀመጠ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እኔ ሄጄ ድንበሩ ላይ ጉብ!

ጁላይ 3
ጋሼ ኢሲድሮ ከላይ ሐብሐብ ይዘው መጡ። «ላሊ ናት የላከችው» አሉና ጎንበስ ብለው «እነዚያ ስለኛ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ገና ሳይመለሱ እትዬ ቪሲ ከታች ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከች።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

የአባቴን ስም ነገርኳት። ጥቂት አሰበች፣ ባታ የምታውቀው ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ዓይኗ ሐብሐቡ ላይ አረፈ።

«ይጣፍጣል?»

«ይጣፍጣል።»

«ልጣጩ ግን ወፍራም ነው፣ አይደል?»

«ትንሽ ወፈር ይላል» አልኩ። ፊቷ በራ። ምን ዓይነት ከሃዲ ሆንኩ?

ጁላይ 10
ሱሪዬ አልዘጋ ብሏል። ከላይ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ከታች ድንች በእንቁላል። የበላሁትን ሁሉ ለሌላኛው ወገን ማማት ግዴታዬ ነው። ደግሞ… ተሳሳትኩ ወይስ ክቦቹ እየቀረቡኝ ነው? የእትዬ ላሊ ወንበር ትናንት ከአረንጓዴው በር በላይ ነበር። ዛሬ ከበሩ በታች ነው። ጆሮ ልትጥል! ታችኞቹም እንደዚያው። ማንም ምንም እንዳልሆነ ያወራል።

ጁላይ 18
እትዬ ላሊ ገንዳው በምሳ ሰዓት ጭር ሲል መጣች። ጥቁር ዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጆሮ ወርቅ።

«አስተምሪኝ» አለች። «ሳልሞት አንድ ቀን እግሬ መሬት ሳይነካ ማየት አለብኝ። ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለዚያች።»

ውሃው ወገቧ ጋ ሲደርስ እንደ ሕፃን ተንጠለጠለችብኝ። ስታወጣ የነበረውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ ግን ለአፍታ ተንሳፈፈች፣ ዓይኗን ጨፍና። «ሚላ» አለችኝ ስትወጣ። የመዋኛዋ ልጅ አላለችም። እስከ ቤቴ እየዘለልኩ ሄድኩ፣ በዚያ ፀሐይ!

ኦገስት 4
ጉድ ፈላ። ላሊን ዋና እንደማስተምራት እትዬ ቪሲ ሰማች። ሮሲዮ ናት የነገረችኝ፣ መንደር ውስጥ እርጥብ ፀጉር አይደበቅማ። ማታ ሰላም ስላት ወደ ግድግዳው ዞረች። ወንበሯንም ወደ ድሮ ቦታዋ መለሰች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

እትዬ ላሊ ከላይ ጮኸች፣ «ተገላገልሽ! በይ አሁን ወንበርሽን ይዘሽ ወደዚህ ነይ።»

ብሄድ ቪሲን አጣሁ። ሮሲዮስ? እናቷን ትታ ከኔ ጋር ልትቆም ነው? ባልሄድ ደግሞ ላሊ ትቀየመኛለች። ወንበሬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩም፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኦገስት 11
ወንበሬን አላወጣም። ማንም አልጠየቀኝም። አክስቴ ደወለች። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳት። ገንዳው ለሚዘጋበት ቀን የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጧል።

ኦገስት 22
የዛሬውን ልጻፈው። ልሳቅ ልደንግጥ እንጃ።

እትዬ ላሊ ዋናዋን አላቋረጠችም፣ በሰዓቷ መጥታ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። አሁን ጎበዝ ሆናለች፣ ጣውላ በላት። እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ለካ እትዬ ቪሲ አጥሩን ይዛ ትሰልል ኖሯል። ላሊ አትንቀሳቀስም፣ ዓይኗ ጭፍን… ድንገት «ላሊ!» የሚል ጩኸት፣ ከዚያ ቧ! ቪሲ ከነቀሚሷ፣ ከነቦርሳዋ፣ ጥልቁ ላይ። መዋኘት የሚባል ነገር አታውቅም!

ዘልዬ ገብቼ በብብቷ ጎተትኳት። ላሊም ስትንቦጫረቅ ደረሰች፣ ባስተማርኳት መንገድ አይደለም፣ ግን ደረሰች። ዳር ላይ ሦስታችንም ተዘረርን።

«መዋኘት ሳትችይ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለች ላሊ።

«የሞትሽ መስሎኝ ነዋ!»

«ብሞትስ? ምን ቸገረሽ?»

ቪሲ ውሃውን ተፋች። «ማንን ላኩርፍ ታዲያ?»

ላሊ ተነሳች። ዳር ያወለቀችውን ነጠላ ጫማዋን አንስታ ለቪሲ አጠለቀችላት፣ የቪሲ አንድ እግር ጫማ ገንዳው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ተደጋግፈው ሄዱ። ደህና ዋይ እንኳ አላሉኝም። ቪሲን ያዳንኳት እኔ እኮ ነኝ!

ኦገስት 23
ማታ በሬ ተንኳኳ። አልተንኳኳም፣ ተደበደበ። ስከፍት ሁለቱም ክብ በሬ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ክብ፣ መንገዱ ጠቦ መኪና አያሳልፍም። እትዬ ቪሲ «ወንበርሽስ?» አለችኝ እየተቆጣች። አወጣኋት። የት እንደማደርጋት ማሰብ አላስፈለገኝም፣ ሮሲዮ ነጥቃኝ ከጎኗ ሻጠቻት።

ሴፕቴምበር 1
አውቶቡሱ ያለኔ ሄዷል። ጠዋት መጦሪያው ውስጥ ሥራ ጀመርኩ፣ ከአረጋውያኑ ግማሾቹ የጋሼ ኢሲድሮ ዘመዶች ናቸው።

ማታ አክስቴ ደወለች። ተቆጥታለች።

«ጓደኛ አገኘሽ ማለት ነው?»

«ጓደኛስ አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምን ያስቀርሻል?»

ውጪውን አየሁ። ላሊና ቪሲ ስለ አንድ የሞተ አጎት ይጨቃጨቃሉ። የባታን ባሕር ልነግራቸው ጀምሬ ነበር፣ ማንም አልሰማኝም። እትዬ ቪሲ ወሬዬን አቋርጣ «አፍሽን ከምትከፍቺ ውሃ አምጪ፣ ቅርቧ አንቺ ነሽ» ብላ ወደ ቤት ሰደደችኝ። ሐብሐቡን ስቆርስም ላሊ በአቆራረጤ ሰደበችኝ። ጓደኛ ቢሆኑ እኮ በትሕትና ያዳምጡኝ ነበር።

«ዘመድ ነው ያገኘሁት» አልኳት።

አክስቴ ሳቀች። «በቃ፣ አለቀልሽ።»

ይህን ወጥ ቤት ቆሜ እየጻፍኩ ነው፣ ማሰሮውን እንኳ አልሞላሁም። «አንቺ ሚላ! ውሃውን ከባታ ነው እንዴ የምትቀጂው?» ይላሉ።

ልሂድ። እየጠሩኝ ነው።