ግራጫውና ባለ ቢጫ እጀታው

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እግርህስ? ሰሞኑን ብርዱ በርትቷል፤ ሲበርድ እንደምታነክስ ስለማውቅ መጀመሪያ የጠየቅኩህ እሱን ነው። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ትተኛለች እንጂ አታርፍም። የቋንቋ መምህራችን ደብዳቤ የሚጀመረው የተቀባዩን ጤና በመጠየቅ ነው ይሉናል። ተቀባዩ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ምን ተብሎ እንደሚጀመር ግን አላስተማሩንም። ስለዚህ እንዳለህ አድርጌ ጀመርኩት።

ደክሞኛል። ያደከመኝ ማልቀስ አይደለም፤ መልስ መስጠት ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ "እንዴት ሆነ?" ይላል። "የውሃ ቧንቧ ሊያስገባ ሲቆፍር ዶማው የተቀበረ የመብራት ገመድ አገኘ" እላለሁ። "አዬ ጉድ! ገመዱ እዚያ መኖሩን አያውቅም ነበር?" ይላሉ። "አያውቅም ነበር" እላለሁ። አክስታችን ደግሞ ሰባት ጊዜ ሰምታው ለስምንተኛ ጊዜ ታስነግረኛለች። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉ የለ። በኋላ በኋላ መልሱን አሳጥሬ "ኤሌክትሪክ" ብቻ ማለት ጀመርኩ።

ለነሱ ያልነገርኳቸውን ላንተ ልንገርህ።

አብረን ሱቅ የሄድንበትን የእረፍት ቀንህን ታስታውሳለህ። አለቃህ "በጭፍን መቆፈር ይብቃን፤ ሄደህ ብረት መፈለጊያ ግዛ። ቧንቧም ይሁን ገመድ፣ ከዶማው በፊት እሱ ያግኘው" ብለው ልከውህ ነበር። አንተ ደግሞ ብርድ ልብሴን ገፈህ "ፕሮፌሰር፣ ተነስ! ፊዚክስ የምትማረው አንተ ነህ፤ እኔ የማውቀው ዶማ ነው" አልከኝ።

ባለሱቁ ሁለቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። መንታ ነው የሚመስሉት። ሁለቱም ረጅም ዘንግ አላቸው፣ ከታች የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ነገር፣ ከላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት። አንዱ እጀታው ግራጫ ነው፣ አንዱ ቢጫ። ዋጋቸው እንኳ ያን ያህል አይራራቅም። ልዩነታቸውን ስትጠይቀው "ግራጫው ጨዋ ነው፤ ትልቅ ነገር ካላገኘ አይጮህም። ቢጫው ግን ጆሮ አለው፤ ትንሹንም የራቀውንም ይሰማል" አለህ።

ከዚያ ስልክህንም፣ ቁልፍህንም፣ ቀበቶህንም አስወልቆህ የቧንቧ ቁራጭ ምንጣፍ ሥር ደበቀ። ቀበቶው ሲወጣ ሱሪህ መንሸራተት ጀመረ። በአንድ እጅህ ሱሪህን፣ በሌላው ማሽኑን ይዘህ "ይኼ ነገር ገና ሳልገዛው አዋረደኝ እኮ" ስትል ባለሱቁ በሳቅ ወደቀ። አምጣ እኔም ልሞክር ብልህ "አንተ አእምሮህን ያዝ፣ ሱሪውን ለኔ ተወው" አልከኝ።

ግራጫው ቧንቧው ላይ ሲደርስ ጮኸ፣ ሲያልፍ ዝም አለ። ቢጫው ቧንቧው ላይም ጮኸ፣ ባዶው ወለል ላይም ጮኸ። ወደ ቀኝ ስትገፋው ዝም፣ ወደ ግራ ስትመልሰው ጩኸት። ባለሱቁ ወለሉ ሥር ብረት ይኖር ይሆናል ብሎ በራፍ ላይ ወሰደን። እዚያም ያው ነው። ሰውዬው አፈረ፤ ባትሪ ቀየረ፤ ያው ነው።

"ፕሮፌሰር፣ ምን ትላለህ?" አልከኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ "ቢጫው ውሸታም ነው። ባዶ ቦታ ላይ የሚጮህ ማሽን ይዘህ ቀኑን ሙሉ አፈር ስትገለብጥ ልትውል ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ግራጫውን እንውሰዳ።"

ያኔ እንኳ ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን አዋቂነቴ አላልቅ አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የፊዚክስ መምህሬን ልጠይቅና በሚቀጥለው የእረፍት ቀንህ እንመለስ አልኩህ። አንተም ሳታንገራግር "እሺ፣ የተማረ ሰው ቃል ነው" ብለህ ቀበቶህን አሰርክ።

መምህሬን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ኳስ ጨዋታ ነበረብን፤ ረሳሁት። በአራተኛው ቀን አንተ ያለ ማሽን፣ ገመዱ ያለበትን ያን መንገድ ቆፈርክ።

ባለፈው ሳምንት አለቃህ መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው "ልጄ፣ ማሽኑ መገዛት አለበት። ከእንግዲህ የሰው ልጅ በጭፍን አላስቆፍርም። እሱ የትኛውን መርጦ ነበር?" አሉኝ። ሳንወስን ነው የተመለስነው አልኩ። "እንግዲያው አንተ ወስን። የእኛ ቤት ፕሮፌሰር፣ የእኛ ቤት ፕሮፌሰር እያለ ሲያሰለቸን ነው የኖረው" አሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ ካንተ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ብቻዬን ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ "ያ ሱሪው የሚወርደው ወንድምህስ?" አለኝ። ሥራ ላይ ነው አልኩት። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ስልኬን፣ ቁልፌን፣ ቀበቶዬን አወጣሁ። ያው ምንጣፍ፣ ያው የቧንቧ ቁራጭ። ግራጫው ጮኸ። ቢጫውም ጮኸ። ከዚያ ቢጫውን ወደ ባዶው ወለል ወሰድኩት። ዝም። ወደ ቀኝ፣ ዝም። ወደ ግራ፣ ዝም። በራፍ ላይ ወጥቼ ሞከርኩት፤ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ እንጂ እሱስ ትንፍሽ አላለም።

አስጠገንከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ኧረ እኔ ከዚያ ወዲህ እጄን አላሳረፍኩበትም። ምናልባት ያን ቀን ወንድምህ ብረት ነገር ይዞ ይሆናላ" አለኝ። ኧረ ሁሉንም አውልቆ ነበር ልለው ስል ትዝ አለኝ።

ግራ እግርህ።

ስምንት ዓመቴ ሳለ ኳሴ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ አንተ ልታወርድልኝ ወጥተህ ስትወድቅ ሐኪሙ አጥንትህ ላይ ያሰረልህ ብረት። በዓመቱ ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። እኛም ረሳነው፣ አንተም ረሳኸው። ቀበቶህን አስወለቅንህ እንጂ እግርህን ማን አስቦት። ቢጫው አልዋሸም ነበር። አንተን ሰምቶ ነው የጮኸው።

ባለሱቁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ እስከ ጉልበት ድረስ የተቀበረ የመብራት ገመድ ያገኛል ወይ አልኩት። "ግራጫውን እንጃ። ቢጫው አሳምሮ ያገኛል" አለኝ። ያንተ ጉድጓድ ጉልበትህን አላለፈም ነበር። አለቃህ ናቸው ለእማዬ በእጃቸው ለክተው ያሳዩአት።

ቢጫውን ይዤ ወጣሁ። እማዬ የቱን መረጥክ ስትለኝ የማይዋሸውን አልኳት። ጎበዝ አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት አክስታችን ጓዟን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እማዬም ሥራ ገባች። ቤት ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። እንግዶቹ የተኙበት አልጋህ ተነጥፏል፤ አነጣጠፉ ግን እንዳንተ አይደለም። ዩኒፎርሜን ለበስኩ። ማሽኑን ከትምህርት በፊት ለአለቃህ ማድረስ ነበረብኝ። ግን መጀመሪያ በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ቆመህ ጫማህን የምታስርበት ቦታ ላይ ከፈትኩት። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። ትንሽ ቆየሁና እንደገና። ዝም አለ። አሁንም አልዋሸኝም።

ከዚያ ቧንቧ የምትቀባበትን የቀይ ቀለም ጣሳ ይዤ ወደዚያ መንገድ ሄድኩ። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ አፈሩ ገና ለስላሳ ነው። ከመብራት ምሰሶው ሥር ስጀምር ማሽኑ ጮኸ። ጩኸቱን እየተከተልኩ በየእርምጃው ድንጋይ እያስቀመጥኩ፣ ድንጋዩን ቀይ እየቀባሁ እስከ አጥሩ ደረስኩ። አንተ የቆምክበት ጋ ስደርስ ትልቁን ድንጋይ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ቀባሁት። መንገዱ ዳር ቤት ያላት ሴትዮ በሯን ከፍታ "ምን እየሠራህ ነው የኔ ልጅ?" አለችኝ። እዚህ እንዳይቆፈር ነው አልኳት። አወቀችኝ መሰለኝ፤ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ማሽኑን ለአለቃህ ሰጥቼ ትምህርት ቤት ስደርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቋል። የፊዚክስ መምህሩን ኮሪደር ላይ ደብተር ተሸክመው አገኘኋቸው። የገባሁልህን ቃል ልፈጽም ብዬ ነው እንጂ መልሱን አጥቼው አይደለም። ብረት መፈለጊያ ባዶ ቦታ ላይ ሲጮህ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

መንገዳቸውን እንኳ አላቋረጡም። "መጀመሪያ ማሽኑን የያዘውን ሰው ፈትሽ" አሉኝና አለፉ።

ይኸው ነው ወንድሜ። ጥያቄው ይህን ያህል ብቻ ነው የፈጀው።

አፈሩ አይክበድህ፤ ብርዱም እግርህ ጋ አይድረስ። እማዬን እኔ እጠብቃታለሁ፤ አንተ ስለ እሷ አታስብ።

ኳስ ጣሪያ ላይ የሰቀለብህ
ታናሽ ወንድምህ