ድሪቶ የተባለው የአልጋ ልብስና ሰፊዋ

እህታችን ልብስ ሰፊዋ ጥቅምት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። በልጅነታቸው መጫወቻቸው ከአባታቸው መጋዝ ሥር የሚወድቀው የእንጨት ቁራጭ ነበር። ጥቁሩን ከነጩ እያፈራረቁ ወለሉ ላይ ይደረድሩታል፤ አባታቸው ሲያልፉ ረግጠው ይበትኑታል፤ እሳቸው እንደገና ይደረድራሉ። ቀድመው የደከሙት አባትየው ነበሩ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። መምህራቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ሒሳብ ጥሩ ነው፤ ወሬ ይበልጣል» ብለው ጽፈዋል። ካርዱ ዛሬም አለ።

በ1958 ዓ.ም. በአንድ የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥረው ቁልፍ መትከል ጀመሩ። ስፌት ቤቱ የነርስ ነጭ፣ የጥበቃ ካኪና የተማሪ ሰማያዊ ይሰፋል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የሚጠራቀመው ቁርጥራጭ በጆንያ እየተሞላ ወደ እሳት ይሄዳል። አንድ ቀን ጨርቅ ቆራጩን ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ልውሰደው?»

«ምን ልታደርጊው?»

«የአልጋ ልብስ።»

«በዚህ? ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛ፣ ነርስና ተማሪ ሲጨቃጨቁብሽ ልታድሪ ነው» አሉ ቆራጩ። ጆንያውን ግን ሰጧቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ይዘው ብቅ ሲሉ «ቆራጧ መጣች» ይባል ጀመር። ስሙ ከቁርጥራጩ በቀልድ ወጥቶ በዚያው ጸና። የማያውቅ ሰው የጀግና ስም ይመስለዋል። አልተሳሳተም።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። አራት ጣት በአራት ጣት የሆነ መለኪያ ከካርቶን አዘጋጁ። በዚያ ልክ ጨርቁን ይቆርጣሉ። አምስት ጠቆር ያለ፣ አራት ፈካ ያለ ቁራጭ ሦስት ሦስት ሆኖ በሦስት ረድፍ ሲሰፋ አንድ ካሬ ይወጣዋል። ስድሳ ሦስት ካሬ ሲገጣጠም አንድ አልጋ ያለብሳል። ቀለም አያማርጡም፤ «እጄ የገባው ይገባል» ይሉ ነበር።

ጥር 1964 ዓ.ም. ሬዲዮ ጠጋኝ የሆኑትን ባለቤታቸውን አገቡ። ጎረቤት «ጠጋኝ ጠጋኝን አገኘ» ብሎ ቀለደ። ኑሯቸውን የጀመሩት ባለ ሁለት ክፍል በሆነው በአማታቸው ቤት ነው። አማታቸው በአንድ የልብስ ንጽህና መስጫ ልብስ ተኳሽ ነበሩ፤ የተጨማደደ ጨርቅ አይወዱም፣ የተጨማደደ ፊትም አይወዱም። ሙሽራዋ በስድስት ዓመት የሰፉትን የአልጋ ልብስ ሲዘረጉ አማት በር ላይ ቆመው አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአልጋ ልብስ ነው፣ እማማ። ለእኛ ብዬ የሰፋሁት።»

«ድሪቶ ነው። እኔ ድሪቶ ለብሼ አደግሁ። ሁለት ልጆቼን ድሪቶ አልብሼ አሳደግሁ። በቃ። ልጄ በድሪቶ ሥር አይተኛም።»

እውነት ነበር። ታላቁም ታናሹም ያን ልብስ ያስታውሱታል፤ መንገድ ላይ የተሳቀባቸውንም አልረሱም።

ሙሽራዋ አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ባለቤታቸው ሊከራከሩላቸው ሲነሱ «ተው፣ እናትህ ናቸው። እዚህ ቤት እንግዳ መሆኔ ሲያበቃ ራሱ ይወጣል» አሏቸው። ዕለት ዕለት የሚጠብቁት ያን ነበር። መስፋቱን ግን አልተዉም። በ1966 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ፤ ሕፃኗን በአንድ እግር እያወዛወዙ በሌላው የስፌት መኪናውን ይረግጡ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለተኛውን የአልጋ ልብስ ካሬዎች ወለሉ ላይ ደርድረው ሲያስተያዩ፣ አማት የልብስ ቅርጫት ይዘው ሲያልፉ ቆሙ።

«ያ አልገጠመም።»

«የቱ፣ እማማ?»

«ከጥግ ሁለተኛው። ማዕዘኑ ሸሽቷል። ዓይንሽን ምን ጋረደው?»

«ድሪቶ አይደል? ምን ቸገረዎት?»

«ድሪቶም ቢሆን ይግጠም» አሉ አማት። ቅርጫቱን አስቀምጠው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ካሬውን ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ። ጥፋቱን ያገኙት በተኳሽ ዓይን ነው። ምራታቸው የሁሉንም ረድፍ ስፌት ከጀርባው ወደ አንድ ወገን አጥፈው ይተኩሱ ነበር፤ ሁለት ረድፍ ሲገናኝ ከስፌቱ የተረፈው ጨርቅ እየተደራረበ ማዕዘኑን ይገፋዋል። አማት ካውያውን አስግለው «አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ ተኩሺ። ያኔ ስፌት ከስፌት ይቆላለፋል፣ አይሸሽም» እያሉ አሳዩ። ማዕዘኑ ገጠመ።

«አሥር ዓመት ስሰፋ ይሄን የነገረኝ የለም» አሉ ምራት።

«አፍሽ መቼ ፋታ ሰጥቶ ይንገሩሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራት ይሰፋሉ፣ አማት ይተኩሳሉ። የአልጋ ልብሱ በ1969 ዓ.ም. ሲያልቅ አማት ተሸክመው ወሰዱና በራሳቸው አልጋ ላይ ዘረጉት።

«እማማ፣ በድሪቶ ሥር አይተኛም ብለው አልነበር?»

«ልጄ አይተኛም አልኩ። ስለ ራሴ ምን አልኩ?»

ልጃቸው ከበሩ ላይ «እኔስ በብርድ ልሙት?» ቢሉ፣ «አንተን ሬዲዮህ ያሙቅህ» ተባሉ። በሳምንቱ ግን አማት ራሳቸው ሳጥኑን ከፍተው የመጀመሪያውን አወጡ። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ማዕዘኑን እየፈቱ እንደገና ሰፉት፤ ከዚያ በባልና ሚስቱ አልጋ ላይ ተዘረጋ። ያን ዕለት ልብስ ሰፊዋ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና የወንበሮቹን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ፈቀዳቸው ለወጡ። የከለከላቸው የለም። «ድሪቶ» የሚለው ቃልም የቁልምጫ ሆነ፤ አማት በ1983 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ «ድሪቶዬን አልብሱኝ» ይሉ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በ1975 ዓ.ም. የስፌት ቤቱ ቆራጭ ሆነው፣ በ1997 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በዕድሜያቸው አርባ አንድ የአልጋ ልብስ ሰፍተዋል። ሲስቁ ጎረቤት ይሰማል፤ ሲሰፉም እንደዚያው።

የትንሹ ልጃቸው ሚስት የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ትልቁን መኪና ቀጥ አድርጋ ትነዳለች፤ መርፌ ግን አይታዘዛትም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ልብስ ሰፊዋ በልብ ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ተደብቃ ስትሰፋ የከረመችውን የአልጋ ልብስ ይዛ መጣች። አንድም ማዕዘን አልገጠመም። ቤተ ሰቡ ሁሉ የልብስ ሰፊዋን ፊት አየ። መነጽራቸውን አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት።

«እማዬ፣ አልገጠመም አይደል?» አለች።

«አልገጠመም። አልብሺኝ፣ በርዶኛል።»

ከዚያ በኋላ ሌላ የአልጋ ልብስ አላስጠጉም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የልጄ ሥራ ነው» እያሉ ያሳዩ ነበር። በሐኪሞችና በቤተ ሰብ ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ያንኑ እንደለበሱ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም በሕይወት አሉ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል። ወደ ቤቱ ሲገቡ በር ላይ የሚያስቆማቸው አይኑር።