ከዝርዝሩ የሰረዝኩት ስም

መጋቢት 26፣ 1996 ዓ.ም.፣ የሆሳዕና እሁድ
ጉልበቴ ዛሬም አስቸገረ። ቆሜ አስቀደስኩ ብዬ አወራለሁ እንጂ ግማሹን ተቀምጬ ነበር፤ ላንተ አልዋሽም፣ ደብተሬ። ከቤ/ክ ስወጣ አንድ ሽበታም ሰው "ቲቸር!" ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ዘውዱ! ድሮ አገር ቤት ያስተማርኩበት የእርሻ ኮሌጅ ቡድን አምበሌ። እሱም እዚሁ ጣሊያን፣ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ያስታምማል። የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ኳስ ይገጥማሉ። የሽማግሌዎቹ አሰልጣኝ እኔ ነኝ። ና ተጫወት አልኩት። ስለ ጤናዬ መጠየቅ ጀመረ። ለምን ወሬ እንደቀየረ አውቃለሁ።

መጋቢት 27፣ ጠዋት
ያ ኮሌጅ ናፈቀኝ። የመጀመሪያው ቡድን፣ የመጀመሪያው አሰልጣኝ እኔ። የአፈር መምህር ነኝ፤ ስለ ኳስ የማውቀው ከአንድ መጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ። መስመሩን የምናሰምረው ለአፈር ማከሚያ በመጣ ኖራ። የግቡ ቋሚ ከደን ክፍል ተለምኖ የመጣ ባሕር ዛፍ። እንዴት ደስ ይል ነበር!

የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ ግን ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። እኔ ዘመናዊ ነኝ ባይ፣ ለተጫዋቾቹ ቁርስ እንቁላልና ወተት አዘዝኩ። ዘውዱ ጾመኛ ነኝ፣ አልበላም አለ። ጓደኞቹ ፊት ስሙን ከተሰላፊዎቹ ዝርዝር ሰረዝኩት። ማሊያውን እንደለበሰ ከጎኔ ተቀምጦ ዋለ። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። በማግስቱ ማሊያውን አጥቦ፣ ተኩሶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም።

መጋቢት 30፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት
ከዘውዱ ዘንድ መመለሴ ነው። የሚያስታምማቸው ሰውዬ ተኝተዋል፤ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ይቅር በለኝ አልኩት። ሳቀ። "ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ደግሞ! እንቁላሉ እኮ ሸትቶኝ ምራቄን ስውጥ ነበር!"

አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። አላለቀም። አባቱ ያን የፍጻሜ ቀን ልጃቸውን ሊያዩ ከገጠር መጥተው ኖሯል። አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያሉ አጠገባቸው ላሉት ሲናገሩ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ሲጫወት ሳያዩት ሞቱ። ይህን የነገረኝ ድንች እየላጠ፣ ቀና ሳይል ነው። እኔ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር! አፈርኩ።

ሚያዝያ 3፣ ፋሲካ
ዘውዱ ደወለ። እንኳን አደረስዎ አለኝ። ጉልበቱ እንደማያስሮጠው ነገረኝ። የእኔም አያስኬደኝም፣ ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፣ ና ብቻ አልኩት። ሴት ልጅ እንዳለችው ሐሙስ አውርቶኛል፤ እሷንም እንዲያመጣት ነገርኩት። ጨዋታው ሲጀመር ሜዳው ላይ ትየው።

ነገ ጠዋት እኔ ቤት ቁርስ ይበላል። እንቁላል ገዝቻለሁ። አሁን ዝርዝሩን ልጻፍ።

አንደኛ፣ ዘውዱ።